በአየር ሞገድ የተላከ ሽማግሌ

ፍቅር በዓይን ነው የሚገባው የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኖ እንደማያውቅ በዚያው እወቁት! ዓይን ምን ያውቃል? ዓይን ቀሚስ ያያል፣ ጫማ ያያል፣ ከዚያ ይሸወዳል። ጆሮ ግን… ጆሮ ቀልድ አያውቅም። እኔ ሚስቴን ያገባኋት በጆሮዬ ነው። እንዲያውም የስምጥ ሸለቆ ሰው ግማሹ አብሮኝ በጆሮው አግብቷታል ማለት ይቻላል። ቆይ፣ አትቸኩሉ… እነግራችኋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። "ጓድ" ያልተባለ ሰው የማይገኝበት፣ ስኳር በቀበሌ የሚታደልበት፣ ስብሰባ ገብቶ የወጣ ሰው "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" የሚባልበት ጊዜ። አዳማም ያኔ ናዝሬት ነበረች። እኔ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀጥሮኝ፣ ከቡልቡላ ወጣ ብሎ ወደ አብያታ ሐይቅ በሚወስደው ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለን ተቀምጠናል። የተቀጠርኩት ለአንዲት ሳጥን ነው። አረንጓዴ፣ የብረት፣ በጀርባ የምትታዘል የመስክ ሬዲዮ! የፈጠሯት ሰዎች "ተንቀሳቃሽ" ነው የሚሏት። እውነታቸውን ነው፣ ትንቀሳቀሳለች… የተሸከማት ሰው ግን ለሁለት ቀን አይንቀሳቀስም።

አሠራሯን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ኋላ ይጠቅማችኋል። ሽቦዋን ግራር ላይ ትሰቅላላችሁ። ለመስማት ባትሪዋ ይበቃታል። ለመናገር ግን መቀመጫ ያላት፣ ግራና ቀኝ እጀታ ያወጣች ዲናሞ አለች። አንድ ሰው ላይዋ ተቀምጦ በሁለት እጁ ያዞራታል፣ ሌላው ቆሞ ያወራል። ተናጋሪው የመነጋገሪያውን ቁልፍ ሲጫን ዲናሞዋ ድንጋይ የጫነች ያህል ትከብዳለች፤ ሲለቀው ትቀላለች። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፣ ጨርሶ "ኦቨር" ሲል ተራው ይዞራል። ሁለት ሰው እኩል ከተጫነ ማንም ማንንም አይሰማም። ደግሞ ከቆቃ እስከ ሻሸመኔ ያለነው የመሥሪያ ቤቱ ጣቢያዎች ሁላችንም አንድ ሞገድ ላይ ነን፤ አንዱ ጋ የተወራው ሁሉም ጋ ይሰማል። ምስጢር የሚባል ነገር እዚያ ሞገድ ላይ አልተፈጠረም።

በየጠዋቱ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የውሃውን ልክ፣ የቀረንን ናፍጣ በቁጥር ወደ ናዝሬት ዋና ጣቢያ አስተላልፋለሁ። ናዝሬት ያለችው ኦፕሬተር ወይንሸት ትባላለች። የሰጠኋትን ቁጥር አንድ በአንድ መልሳ ትደግምልኛለች። "ሰባት… ዜሮ… አራት… ትክክል ነው? ኦቨር!" ስትል… እናንተዬ! ናፍጣ እንደዚያ ሊጣፍጥ ይችላል ብሎ ማን ያስባል? ሆን ብዬ አንዱን ቁጥር ማበላሸት ጀመርኩ፣ "ድገም" እንድትለኝ። ድገም ትላለች፣ እደግማለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። አንድ ቀን ሁሉንም በትክክል ብነግራት እሷ ራሷ "አልተሰማኝም፣ ድገም" አለች። ቆቃ ያለው ኦፕሬተር ጣልቃ ገብቶ "እኔ ጋ ጥርት ብሎ ተሰምቷል" ቢላት "አንተን ማን ጠየቀህ!" አለችው። ያኔ ነገሩ የጋራችን እንደሆነ ገባኝ።

ደመወዝ ልቀበል ናዝሬት ስገባ መልኳንም አየሁት። ጆሮዬ አልሸወደኝም። ኬክ ቤት ሻይ ጋበዝኳት፣ አንድ እሑድ ሶደሬ ወርደን ከፍል ውሃው ዳር ዝንጀሮ ብስኩታችንን ቀማን፣ ተሳሳቅን፣ ነገሩ ደረሰ። የቀረው አባቷ ናቸው።

አባቷ አቶ ተሰማ ከባቡር ጣቢያ ጡረታ የወጡ፣ ጡረታ ወጥተውም ፊሽካ እስኪነፋ የሚጠብቁ የሚመስሉ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ሽማግሌ ደህና አድርገው ተቀብለው፣ እንደ ወጉ "ከዘመድ ልምከርበት፣ በዛሬ ወር እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተመለሱ" ብለው ሸኙ። በወሩ ውስጥ ግን ጉድ ፈላ። ሌላ ፈላጊ መጣ! ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የመጠጥ ማከፋፈያ ኃላፊ! በዚያን ጊዜ ሰው ለልጁ ሠርግ ጥቂት ሳጥን ቢራ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደሚጠና የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የሰውየው ሽማግሌዎች በዚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ ተባለ። አቶ ተሰማም "ቀጠሮ ቀጠሮ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ የእነዚያን እሰማለሁ፣ ካልመጡ ከሰዓት ለሚመጡት ቃሌን እሰጣለሁ" ብለው ቆረጡት። ለዘገየ መንገደኛ ባቡር አቁመው የማያውቁ ሰው ምን ይላሉ!

ቅዳሜ ዕለት ዝናቡ ወረደ። ዝናብ ነው እንዳልል… ሰማዩ ተቀደደ ማለት ይቀለኛል። ጎርፉ ከእኛ ወደ ዝዋይ የሚወስደውን መንገድ ጎምዶ ወሰደው። ጂፓችን ጭቃው ውስጥ ተቀርቅራ ቀረች። ሬዲዮዋን ከፈትኩና ወሽመጤ እንደተቆረጠ ጠራኋት።

"ወይንሸት፣ መንገዱ ተቆርጧል። ኦቨር።"

"እና? ኦቨር።"

"እናማ… ነገ ሽማግሌ የለም። ኦቨር።"

ሬዲዮዋ ሺ… ሺ… እያለች እኔ ቢራ በሳጥን ሲራገፍ ይታየኛል።

"ጌታሁን፣ አሁን በምንድነው የምታናግረኝ? ኦቨር።"

"በሬዲዮ። ኦቨር።"

"እና ሽማግሌዎቹ አፍ የላቸውም? አባባን ከቅዳሴ መልስ ቢሮ አመጣቸዋለሁ። ኦቨር!"

ይቺን ሴት ባላገባ ኖሮ ሞኝ ነበርኩ፣ አይደል?

እንግዲህ ሽማግሌዎቼን ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው ሐጂ ኡስማን፣ ከወሎ መጥተው ቡልቡላ ላይ እህል የሚነግዱ፣ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ሱቅ በር ላይ የሚታረቅ፣ ከመካ ከተመለሱ ወዲህ ለቀልድም እንኳ የማይዋሹ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጋሽ ወርቁ፣ የጂፓችን ሾፌር። ሦስተኛው አለቃችን ነበሩ፤ አዲስ አበባ ስብሰባ ተጠርተው ሄዱ፣ ስብሰባው ዋጣቸው። ሁለት ቀሩ። "ሁለትም ይበቃል፣ በሬዲዮ ማን ይቆጥረናል?" አሉ ጋሽ ወርቁ።

ችግሩ ሌላ ነው። ሽማግሌ ሲላክ ፈላጊው ልጅ ከአካባቢው ድራሹ መጥፋት እንዳለበት ታውቃላችሁ። በራሱ ሽምግልና ላይ የተገኘ ወንድ ዓይኑን በጨው ያጠበ ነው የሚባለው። እኔም ሐይቁ ዳር ሄጄ ወፍ ልቆጥር አስቤ ነበር። ግን ዲናሞዋን ማን ያዙር? ቆፋሪዎቹ በሙሉ ጎርፉ ያመጣውን ጉድ ሊያዩ ሄደዋል። የመንደሩ ሰው እንዳያዞር አልለመዳትም፤ ሽማግሌዎቹ እንዳያዞሩ፣ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ስለዚህ ተስማማን፦ እኔ አለሁ፣ ግን የለሁም። አዞራለሁ፣ ግን ትንፍሽ አልልም።

እሑድ ጠዋት ሐጂ ኡስማን ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጋሽ ወርቁ ከረባት አስረው፣ ግራሩ ሥር ቆሙ። የቡልቡላ ሰው "አካም፣ ነጉማ?" እየተባባለ መጥቶ ዙሪያውን ተቀመጠ። እሑድ ጣቢያዎቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። የዚያን እሑድ ግን ቆቃም፣ ዝዋይም፣ ሻሸመኔም "መሣሪያ ልንፈትሽ" በሚል ክፍት ናቸው። እንዲህ ያለ የሥራ ፍቅር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

"ናዝሬት ዝግጁ ነው። አባባ ተቀምጠዋል። ኦቨር" አለች ወይንሸት። ዲናሞዋ ላይ ወጣሁ። ሐጂ ኡስማን ቁልፉን ተጫኑ።

"እንደምን አደሩ አቶ ተሰማ? ደህና ነዎት ወይ? ጤናዎን እንዴት ነዎት? ባለቤትዎ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? ጎረቤቱስ? እርስዎ ግን ደህና ነዎት?"

ሐጂ መልስ እየጠበቁ ነው። ቁልፉን ግን አልለቀቁም! ወዲያ ማዶ አቶ ተሰማም በፈንታቸው ቁልፋቸውን ተጭነው "ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ነዎት?" ይላሉ። እኛ ጋ ምንም አይሰማም፣ እነሱ ጋ ምንም አይሰማም። መልስ ያጡት ሐጂ "ምነው ዝም አሉ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?" ብለው ሰላምታውን ከሀ ጀመሩት። እኔ ከታች አዞራለሁ… ላብ አጠመቀኝ። ሰላምታ ክብደት እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው! የባለቤታቸው ጤንነት ብቻውን ክንዴን ገነጠለው። በእግሬ ጋሽ ወርቁን ጎሸምኳቸውና በግንባሬ ቁልፉን አሳየኋቸው።

"ሐጂ፣ ይልቀቁት" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"ሰላምታ ሳልጨርስ? ነውር አይደለም እንዴ!"

"እንዲመልሱልዎት ነው።"

ለቀቁት። አየር ሳብኩ። አቶ ተሰማ ገቡ፤ "…ዘመድ አዝማዱስ እንዴት ነው?" እሳቸውም መሀል ላይ ናቸው! ደግነቱ እሳቸው ሲያወሩ የሚሠራው የናዝሬት መብራት ነው፤ እኔ አዳምጣለሁ፣ እጄን አፍታታለሁ።

ሰላምታው አለቀ። ሐጂ ወደ ጉዳዩ ገቡ። "እንግዲህ አቶ ተሰማ፣ ባለፈው የጀመርነውን ልንጨርስ ነው የመጣነው። መጣን ስንል፣ እግራችንን ጎርፍ ያዘው እንጂ ልባችን እርስዎ ደጅ ነው። ቆመን እየለመንንዎት ነው። ኦቨር።"

"ቆማችኋል?" አሉ አቶ ተሰማ።

"ቆመናል።"

"በምን አውቃለሁ? ሽቦ እንኳ በሌለው ነገር ነው የምታናግሩኝ። ስንት ናችሁ? ኦቨር።"

ሐጂ ጋሽ ወርቁን አዩ። ጋሽ ወርቁ ሦስት ጣት አወጡ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። የማይዋሽ ሽማግሌ መላክ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አያችሁ?

"ሁለት ነን" አሉ።

"ሁለት!" ሬዲዮዋ ጮኸች። "ባለፈው ሦስት ነበራችሁ። ነገሩ ሲጠነክር ሽማግሌው ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል እንዴ? ልጄን በሁለት ሰው? አይ… እንግዲህ ይቅርብን። ከሰዓት የሚመጡ ሰዎች አሉብኝ…"

እውነቴን ነው፣ እዚያው ዲናሞው ላይ እንባዬ መጣ። ሴትዬዋን በጆሮዬ አግኝቼ በጆሮዬ ላጣት ነው። በዚህ መሀል ምን ቢመጣ ጥሩ ነው?

"ይህ የመንግሥት ሞገድ ነው! የግል ጉዳይ የሚያወራው ማነው? ማንነታችሁን አሁኑኑ አስታውቁ! ኦቨር!"

ጓድ ንጋቱ! ዝዋይ የሚቀመጠው የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ! አንድ ኦፕሬተር ለጓደኛው በሬዲዮ "እንኳን አደረሰህ" ብሎ በመገኘቱ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቁሞ ግለ ሂስ ያስወረደ ሰው ነው። በቃ፣ ልጅቷም ሄደች፣ እንጀራዬም ሄደች አልኩ። ጋሽ ወርቁ ከረባታቸውን ፈቱ። ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው እንኳ ቀስ ብሎ መነሳት ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው ወይንሸት የምትባለው ፍጡር የሠራችውን የምትሰሙት። መነጋገሪያው ተከፍቶ ስለነበር ሁላችንም ሰማናት።

"አባባ፣ ሦስተኛው ሽማግሌ መጡ። ዝዋይ ሆነው ነው።"

"እንዲህ በሉኛ!" አሉ አቶ ተሰማ። "እንደምን አደሩ ጌታዬ? ማን ልበል? ኦቨር።"

"ጓድ ንጋቱ ነኝ፣ የፖለቲካ ኃላፊ! ኦቨር!"

"ጓድ ንጋቱ! እርስዎን የመሰለ ባለሥልጣን እሑዱን ሰውቶ የእኔን ልጅ ሊለምን! ምን ዓይነት ክብር ነው! ያ ልጅ እርስዎን ሽማግሌ አድርጎ መላክ ከቻለ የሰው አክባሪ ነው ማለት ነው። እኔማ ሁለት ብቻ ናቸው ብዬ ልመልሳቸው ነበር። እርስዎ ባይደርሱ ትዳሩ ፈርሶ ነበር እኮ! ኦቨር።"

ሺ… ሺ… ሺ…

ጓድ ንጋቱን እስቲ በእሱ ቦታ ሆናችሁ እዩት። "ሽማግሌ አይደለሁም" ቢል፣ ከቆቃ እስከ ሻሸመኔ ጆሮ ያለው ሁሉ እየሰማ የሰው ትዳር አፈረሰ ሊባል ነው። በሽማግሌነት ተከብሮ "እኔ የለሁበትም" ብሎ የሚወጣ ወንድ እስቲ በዚህ አገር ፈልጋችሁ አምጡልኝ! ካድሬም ቢሆን እኮ እናቱ ተለምና ነው ያገባችው።

"ለመሆኑ ጓድ ንጋቱ፣ ቆመዋል? ኦቨር" አሉ አቶ ተሰማ።

ከዝዋይ ወንበር ሲንፏቀቅ ተሰማ። "…አሁን ቆሜአለሁ። ኦቨር።"

"ይናገሩ እንግዲህ።"

ተናገረ። ምኑን ተናገረ፣ ዘነበ እንጂ! "በመጀመሪያ ደረጃ… ጓድ ጌታሁን ታታሪ ወዛደር መሆኑን መግለጽ እወዳለሁ። ጓዲት ወይንሸትም በሥራ መስኳ ግንባር ቀደም ናት። የሁለቱ ጥምረት ለቁፋሮው ዘርፍ ምርታማነት የሚኖረውን አስተዋጽኦ በሦስት ክፍል ከፍዬ ብመለከተው…" ዝዋይ ጣቢያ በሞተር ስለሚሠራ እኔ እጀታውን ለቅቄ ውሃ ጠጣሁ፣ ላቤን ጠረግሁ፣ እግሬን ዘረጋሁ። የካድሬ ንግግር እንዳያልቅ የጸለይኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። አራተኛ ክፍል ቢጨምርበት ደስታዬ ነበር።

አቶ ተሰማ ግን ገና አልጠገቡም። "መልካም። አሁን ዘሩን ንገሩኝ። እስከ ሰባት ቤት፣ ከእኛ ጋር እንዳይዛመድ። ኦቨር።"

ሐጂ አያቴ ላይ ደርሰው ቆሙ። ዞረው አዩኝ። እኔ በአፌ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ ቅድመ አያቴን እየጠራሁ አዞራለሁ። ሐጂ ግንባራቸውን ቋጠሩ። አፍ እየከፈቱ እየዘጉ ቅድመ አያት ማስተዋወቅ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ሻሸመኔ አዘነልኝ። "ይቅርታ፣ በሰው ጉዳይ ገባሁ። የልጁ አገር ሰው ነኝ። እኔ ልጨርሰው" ብሎ እስከ ሰባተኛው ድረስ ዘረዘረው። ሁለቱን እኔም አላውቃቸውም ነበር። አቶ ተሰማ "የሉብንም፣ አንዛመድም" አሉ።

"ጠባዩስ? ኦቨር።"

ይህን ጋሽ ወርቁ ተቀበሉ። መነጋገሪያውን እንደ መኪና መሪ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ "አቶ ተሰማ፣ ልጁ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ዳገት አይፈራም። መጠጥ አይበላም። ፍሬኑ አስተማማኝ ነው፣ ያላየውን መንገድ አይገባም። ትንሽ ጎማው አልቋል፣ እሱ ከደመወዝ ማነስ ነው…" እያሉ ቀጠሉ። ሰው ሲያመሰግነኝ እንዲህ ተሰቃይቼ አላውቅም። ባመሰገኑኝ ቁጥር ይከብዳል፤ በከበደ ቁጥር አቃስታለሁ። ትንሽ ቢሰድቡኝና ቶሎ ቢጨርሱ ምን ነበረበት!

"አንድ ነገር" አሉ አቶ ተሰማ ተራቸው ሲደርስ። "እናንተ ስታወሩ ከጀርባ የሚያቃስት ነገር አለ። ምንድነው? ኦቨር።"

"ዲናሞው ነው" አሉ ጋሽ ወርቁ ቶሎ ብለው።

"እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር ቤት ነው የኖርኩት። ብረት ሲያቃስትና ሰው ሲያቃስት ለይቼ አውቃለሁ። ሐጂ፣ እርስዎን ነው የምጠይቅ፤ የሚያዞረው ማነው? ኦቨር።"

ሐጂ ኡስማንን በዓይኔ ለመንኳቸው። በቅንድቤ ለመንኳቸው። ቆፋሪ ነው ይበሉ፣ መንገደኛ ነው ይበሉ… ሐጂ ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ቁልፉን ተጫኑ።

"ወላሂ አቶ ተሰማ… ልጁ ነው።"

ቆቃ ዝም፣ ዝዋይ ዝም፣ ሻሸመኔ ዝም።

"ለራሱ ሽምግልና… ራሱ መጣ?" አሉ አቶ ተሰማ በቀስታ።

"መጣ እንኳ አይባልም፣ እዚሁ ነበር" አሉ ጋሽ ወርቁ፣ የረዱኝ መስሏቸው።

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ጉድጓዱ ደግሞ ቅርብ ነበር።

"እንግዲህ ካለ አለ" አሉ አቶ ተሰማ። "ይናገር። ልጄን ለምን እንደፈለጋት ከራሱ አፍ ልስማ። ከዚያ በኋላ ቃሌን እሰጣለሁ። ኦቨር።"

እኔ ልናገር ከሆነ ዲናሞውን ማን ሊያዞር? ጋሽ ወርቁ "እኔ ወገቤን…" ብለው ሳይጨርሱ ሐጂ ኡስማን ጀለቢያቸውን ሰብስበው ዲናሞው ላይ ጉብ! "አብሽር ልጄ፣ ተናገር" አሉኝ። አስቡት፣ ያንን የሚያህል ሰው ለእኔ ብሎ ዲናሞ ሊያዞር! ደረቴ እንደ ወናፍ እየነፋ መነጋገሪያውን ያዝኩ። የምናገረውን አውቀዋለሁ። ድንገት ብጠየቅ ብዬ አንድ ወር ሙሉ ድንኳኔ ውስጥ ተለማምጄዋለሁ፤ ስለ ድምፅዋ፣ በየጠዋቱ እሷን ሳልሰማ ቀኑ እንደማይጀምርልኝ፣ ስለ ሁሉም። ቁልፉን ተጫንኩ። ሐጂ አዞሩ። አፌን ከፈትኩ።

ምንም የለም! ትንፋሼ አልቋል፣ ምላሴ ከትናጋዬ ተጣብቋል። እንደገና ሞከርኩ። ሐጂ በተራቸው ያቃስታሉ፣ "ተናገር እንጂ፣ ሞትኩልህ እኮ!" ይላሉ። የቡልቡላ ሰው በሙሉ አፉን ከፍቶ አብሮኝ ለመናገር ይታገላል። አንዲት ቃል አልወጣችም። ቁልፉን ለቀቅኩት። አለቀልኝ።

"ምን አለ?" ሲሉ ተሰሙ አቶ ተሰማ።

"ምንም አላሉም፣ አባባ" አለች ወይንሸት። በራሴ ሠርግ ጉዳይ ላይ አንቱ አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ለቅሶ ነበረበት።

"ጭራሽ?"

"ጭራሽ።"

አቶ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስሙ እንግዲህ። ያ የመጠጡ ሰው ባለፈው ራሱ ቤቴ መጥቶ፣ ሽማግሌዎቼን እሑድ እልካለሁ እያለ፣ ስለ መኪናው፣ ስለሚያውቃቸው ሰዎች፣ ስለ ራሱ ሲያወራ ሻዩ ቀዝቅዞ ሁለት ጊዜ ተሞቀ። ይህኛው ተናገር ተብሎ፣ ተፈቅዶለት፣ ሽማግሌ ባለበት አፉን አልከፈተም። እንዲህ ያለ ጨዋ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? ሲሠራ እንጂ ሲያወራ አልሰማሁትም። ሰጥቻችኋለሁ። ቁጭ በሉ! ኦቨር።"

እልልታው! ከግራሩ ሥር እልልታ፣ ከቆቃ እልልታ፣ ሻሸመኔማ ጭራሽ ጭፈራ ጀመረ። ሁሉም እኩል ተጭኖ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ሬዲዮዋ እንደ ንብ ቀፎ ብቻ ትጮኻለች። ሲበርድ ከዝዋይ አንድ ድምፅ መጣ፦ "ተቀምጫለሁ። ኦቨር።" ጓድ ንጋቱ ነው። የእሱን ነገር እናንተው ገምቱት፤ ማን በማን ላይ ሪፖርት ይጽፋል? ሠርጋችን ላይ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ከፊት ተቀምጦ፣ ቁርጥ ሲቀርብ ቀድሞ የተነሳው እሱ ነው። ቢራ ግን አልነበረም፤ ለምን እንዳልነበረ መቼም አትጠይቁኝም።

ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፣ ወለድን፣ ዳርን። ያን ወር ሙሉ የተለማመድኩትን ንግግር ግን እስከ ዛሬ አልተናገርኩትም። በቀደም ዕለት በረንዳ ላይ ተቀምጠን "ወይንሸት፣ ያኔ ለአባትሽ ልነግራቸው የነበረው…" ብዬ ልጀምር ስል፣ ሽንኩርቷን እየላጠች ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣

"ተው ጌታሁን" አለችኝ። "አባባ እኔን የሰጡት ለማይናገረው ሰው ነው።"

ከዚያ እሑድ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የመናገር ተራ ደርሶኝ አያውቅም። ታዲያ በየሳምንቱ በዚህ ዓምድ ለእናንተ የምጽፈው ለምን መስሏችኋል?